አጥንት በአቼቶ ያሟሟሁት ነጭ ሆኖ ዘቀጠብኝ፤ ልድፋው?

የቡራዩ ጎመን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቡራዩ ነው ያለሁት። ከቤቴ ጀርባ ትንሽ ጓሮ አለችኝ፣ አፈሩ ቀይ ነው። ጎመኑ ቅጠሉ ሐምራዊ እየሆነ አላድግ አለኝ። ፎስፈረስ አንሶት ነው አሉኝ። ሥጋ ቤት ካለው ጎረቤቴ አጥንት ለምኜ ነጭ እስኪሆን አቃጥዬ ወቀጥኩት። ግማሽ ኪሎ ያህሉን በ2 ሊትር አቼቶ ዘፈዘፍኩ። መጀመሪያ አረፋ ደፈቀ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ከሳምንት በኋላም አብዛኛው ከሥር እንዳለ ነው። የጠራውን ቀዳሁና፣ ኮምጣጣው ጎመኑን እንዳያቃጥልብኝ ብዬ የእንጨት አመድ ውሃ ጨመርኩበት። ወዲያው እንደ አጓት ደፈረሰ፣ ነጭ ነገርም ዘቀጠ። ተበላሸ ማለት ነው?

ላብ ኮት፦
እንዳትደፋው! የለፋህበት ፎስፈረስ እዚያ ዝቃጭ ውስጥ ነው።

የአጥንት ማዕድን ከካልሲየም ፎስፌት ወገን ነው (ፎስፌት ማለት ፎስፈረስ ከኦክስጅን ጋር ተያይዞ ነው)፤ በኬሚስትሪ ሃይድሮክሲአፓታይት ይሉታል። በንጹህ ውሃ ንቅንቅ አይልም ማለት ይቻላል። አሲድ ሲያገኝ ግን ፎስፌቱ ሃይድሮጅን ይይዛል፣ ካልሲየሙን የሚይዝበት ጉልበት ይላላል፣ ሁለቱም ውሃው ውስጥ ይገባሉ። ጥርስን ሎሚና ለስላሳ የሚበላውም በዚሁ መንገድ ነው። አረፋው ሌላ ነገር ነው። አጥንት ውስጥ ያለው ጥቂት ካርቦኔት ጋዝ ሲለቅ ነው፤ ስለዚህ አረፋ አቆመ ማለት መሟሟቱ አለቀ ማለት አይደለም።

ለምን አብዛኛው ቀረ? አጥንቱ ሲሟሟ አሲዱን ይበላዋል። አንዱ ሃይድሮክሲአፓታይት 7 ሃይድሮጅን ይፈልጋል። አቼቶህ 5 በመቶ አሲድ ካለው፣ 1 ሊትሩ በስሌት ቢበዛ 60 ግራም ገደማ ነው የሚያሟሟው። በተግባር ደግሞ ከዚያ ያንሳል፣ ደካማ አሲድ ነዋ። አንተ ግማሽ ኪሎ ነው የጨመርክበት!

ያመድ ውሃው ደግሞ የአሲድ ተቃራኒ ነው። ሃይድሮጅኑን ሲነጥቀው ፎስፌቱ ተመልሶ ካልሲየሙን ያዘ፣ ነጭ ሆኖ ወረደ። ኮምጣጣነቱ ትንሽ ከቀረ የሚወርደው ብሩሻይት የሚባለው የካልሲየም ፎስፌት ዓይነት ነው፤ ከአጥንት ይልቅ ለተክል ይቀላል። አመዱ ከበዛ ግን ወደ አጥንቱ ዓይነት ይሄዳል፣ ያ ደግሞ ግትር ነው።

መፈተኛ፦ ከዝቃጩ ትንሽ በብርጭቆ አድርገህ አቼቶ ጠብ አድርግበት። ከጠራ የምልህ ነው።

ጋራዥ ሰፈር፦
አቼቶ ምን ያደርጋል፣ የባትሪ አሲድ ግዛ! በአንድ ቀን ይጨርሰዋል።

ላብ ኮት፦
ኧረ በፍጹም! ሀሳቡ እንኳ አዲስ አይደለም፤ ጆን ላውስ የሚባል እንግሊዛዊ ፎስፌትን በሰልፈሪክ አሲድ፣ ማለትም ባትሪ ውስጥ ባለው አሲድ፣ አዘጋጅቶ ማዳበሪያ ለማድረግ በ1842 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት (ፓተንት) አውጥቷል። ግን ካሮጌ ባትሪ የሚቀዳው እርሳስ አለበት፣ ጎመኑን ደግሞ የሚበላው ቤተሰብ ነው። ዓይንና እጅም ያቃጥላል።

የጓሮ እናት፦
ልጄ፣ ሰበታ ነው የምኖረው፣ እኔ ይህን ሁሉ አላደርግም። የተቃጠለውን አጥንት እንደ ዱቄት ወቅጬ ከፍግ ጋር ጉድጓዱ ውስጥ እጨምራለሁ። አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ራሱ ቀስ እያለ ያሟሟዋል። ጥሬውን እንዳትቀብር ብቻ፣ ጅብ መጥቶ አጥርህን ያፈርስልሃል።

ላብ ኮት፦
እትዬ ልክ ናቸው። ችኮላ ከሌለህ የእሳቸው ይሻላል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ቀይ ኮምጣጣ አፈር ውስጥ ያለው ብረትና አሉሚኒየም ፎስፌቱን ይቆልፉታል። ስለዚህ ጓሮው ላይ አትበትነው፣ ሥሩ አጠገብ ከፍግ ጋር አድርገው።

የቡራዩ ጎመን፦
ሞከርኩት፣ አቼቶ ጠብ ሳደርግበት ጠራ! ዝቃጩን ከፍግ ጋር ለውሼ ለ12 ጎመን ሥር ሥሩን አድርጌያለሁ፣ 4ቱን ለማነጻጸር እንዳሉ ተውኳቸው። ከሥር የቀረውን አጥንት ደግሞ እንደ እትዬ አደርገዋለሁ። ባለቤቴ ግን የአቼቶዬን ጠርሙስ መልስ ብላኛለች።