ለኤዝራ ፓውንድ የተሰጠው ሽልማት ተገቢ ነበርን?

አወያይ፦ የዚህ ዙር የመከራከሪያ ጥያቄ እነሆ። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንውሰዳቸው። በ1949 የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የመጀመሪያውን የቦሊንገን የግጥም ሽልማትና አንድ ሺህ ዶላር ለአሜሪካዊው ገጣሚ ለኤዝራ ፓውንድ «የፒሳ ካንቶዎች» ለተሰኘው የግጥም መጽሐፍ ሰጠ፤ ካንቶ ማለት የረጅም ግጥም አንድ ክፍል ነው። ፓውንድ በጦርነቱ ዘመን ከሮም ራዲዮ የገዛ አገሩን መንግሥት ሲያወግዝና አይሁድን ሲሰድብ የቆየ፣ በ1943 በአገር ክህደት የተከሰሰ ሰው ነው። ሽልማቱ ሲታወጅ፣ ለፍርድ ለመቅረብ አእምሮው ብቁ አይደለም ተብሎ በዋሽንግተን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ይኖር ነበር። ዳኞቹ ልክ ሠርተዋልን?

የግጥም መምህር፦ ልክ ሠርተዋል እላለሁ። ከዳኞቹ መካከል ታላላቆቹ ገጣሚዎች ኤልየት፣ ኦደንና ሮበርት ሎውል ነበሩ፤ ተቃውሞ እንደሚነሣም አስቀድመው ያውቁ ስለ ነበር፣ ከግጥሙ ብቃት ውጪ ሌላ ነገር ውሳኔውን እንዲመራ መፍቀድ የሽልማቱን ትርጉም እንደሚያጠፋ በመግለጫቸው አስፍረዋል። መጽሐፉ የተጀመረው በኢጣልያ ፒሳ ከተማ አጠገብ በነበረ የአሜሪካ ጦር የቅጣት ካምፕ፣ ስድሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ገጣሚ መጀመሪያ በብረት ፍርግርግ ቤት ውስጥ፣ ከዚያም በድንኳን ታስሮ ሳለ ነው። ትዕቢትን «አውርድ» እያለ የሚደጋግመው የ81ኛው ካንቶ ክፍል በዚያ ዘመን በእንግሊዝኛ ከተጻፉት ግጥሞች ሁሉ ከላቁት አንዱ ነው፤ ይህን ያህል ራሱን ያዋረደ ሰው ግጥሙ በክሱ መዝገብ ሊመዘን አይገባም።

የአርበኛ የልጅ ልጅ፦ መምህር፣ ከአክብሮት ጋር አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መጽሐፉ በምን ይጀምራል? ሚላኖ ላይ ከእመቤቱ ጋር ቁልቁል ለተሰቀለው ለሙሶሊኒ በሚቀርብ ሙሾ ይጀምራል። እንግዲህ ፖለቲካው ከግጥሙ ውጪ ነው የሚባለው እንዴት ሆኖ ነው? የተሸለመው ራሱ ሙሾው አይደለምን? «አውርድ» የሚለውም ለራሱ ይሁን ላሰሩት ወታደሮች ሐያሲያን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ ስለዚህ ንስሐ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። ፋሺስት ኢጣልያ በ1935 አገራችንን ስትወርና አውሮፕላኖቿ በሕዝባችን ላይ የመርዝ ጋዝ ሲረጩ ይህ ሰው ወረራውን በብዕሩ ደግፏል። በዚያው ዓመት ሌላው አሜሪካዊ ገጣሚ ላንግስተን ሂዩዝ ኢትዮጵያ ቀና እንድትልና አፍሪካም አብራት እንድትነሣ የሚጠራ ግጥም አሳትሟል። ሁለቱም አሜሪካውያን ናቸው፣ ሁለቱም ገጣሚዎች ናቸው፤ የዘመኑ መንፈስ እንዲህ ነበር የሚለው ማመካኛም በዚሁ ይወድቃል።

የግጥም መምህር፦ የወረራው ነገር እኔንም ያመኛል። ነገር ግን በዚህ መስፈርት ከሄድን ከዳኞቹ አንዱ የሆነው ኤልየት ራሱ አይሁድን የሚያንቋሽሹ ስንኞች አሉት፤ የት ላይ ልንቆም ነው? ደግሞም መጽሐፉ ክፋት ብቻ አይደለም። በካምፑ የነበረ ጥቁር አሜሪካዊ ወታደር ደንብ ጥሶ ከዕቃ ሣጥን ጠረጴዛ ሠርቶ ለፓውንድ ሰጥቶታል፤ እኔ መሥራቴን ለማንም አትንገር ማለቱም በግጥሙ ተመዝግቧል። ገጣሚው ከሁሉ የሚበልጠው ፍቅር ደንብ ባላከበሩት ዘንድ ይገኛል ሲል የጻፈው ከዚህ በኋላ ነው።

የአርበኛ የልጅ ልጅ፦ የዚያ ወታደር ፊት በግጥሙ ውስጥ ምን እንደ ሆነ ግን አልጠቀሱልንም። የአፍሪካ ጭንብል ሆኗል፤ እንዲያውም ፍራንክፈርት ካሉት ጭንብሎች አያንስም ተብሎ ተመስግኗል። ደግ የሠራለትን ሰው እንኳ የሚያየው በሙዚየም መስታወት ውስጥ እንዳለ ዕቃ ነው።

አንባቢ፦ ሁለታችሁም ያለፋችሁት ነገር አለ። ሸላሚው የግል ማኅበር ሳይሆን የመንግሥት ተቋም ነበር። ከዳኞቹ አንዱ ካርል ሻፒሮ አይሁዳዊ በመሆኑ አይሁድን የሚጠላ ሰው ማክበር እንደማይችል፣ የገጣሚው የሥነ ምግባር እምነትም ውሎ አድሮ ግጥሙን እንደሚያበላሸው ገልጾ በተቃውሞ ድምፅ ሰጥቷል። እኔ በመጀመሪያው ምክንያቱ እስማማለሁ፤ ሁለተኛው ግን አጠራጣሪ ነው፤ መጥፎ እምነት ያለው ሰው ጥሩ ስንኝ ሲጽፍ አይተናልና። ኮንግረስ ደግሞ በወቀሳው ብዛት ቤተ መጻሕፍቱ ከእንግዲህ ሽልማት እንዳይሰጥ አደረገና ሽልማቱ ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ይህ እርምጃ ለእኔ ከሽልማቱ የባሰ ስሕተት ነው፤ የግጥም ዳኝነትን ለምክር ቤት አባላት ቁጣ አሳልፎ ሰጥቷልና።

የአርበኛ የልጅ ልጅ፦ በኮንግረሱ ላይ እስማማለሁ። መጽሐፉ ይታገድ አላልኩም፤ ክፍል ውስጥ ይነበብ፣ ከሂዩዝ ግጥም ጎን ለጎን ቢሰጥ ደግሞ ደስ ይለኛል። ማንበብና በአደባባይ ማክበር ግን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ዳኞቹ የተጠየቁት ሁለተኛውን ነበር፣ መልስ የሰጡት ግን ስለ መጀመሪያው ነው።

የግጥም መምህር፦ ማክበሩ ለሰውዬው ሳይሆን ለመጽሐፉ ነበር።

የአርበኛ የልጅ ልጅ፦ መጽሐፉ ማንን ያከብራል ታዲያ? የመጀመሪያውን ገጽ ደግመው ያንብቡልን።