ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውበት ብዙ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነውን?

ጥያቄ

የማመልክበት ቤተ ክርስቲያን ጠባብ ስለሆነ አዲስ ሕንፃ ሊሠራ ታቅዷል። በስፋቱ ላይ ሁሉም ይስማማል፤ ክርክር ያስነሣው እብነ በረዱ፣ ባለቀለም መስታወቱና ከፍ ያለው ጉልላት ነው። ገሚሱ ምእመን ለእግዚአብሔር ቤት ምርጡ እንደሚገባ ሲናገር፣ ሌላው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ያለውን «ተርቤ አብልታችሁኛል» የሚለውን ቃል እያነሣ ይቃወማል። ጉዳዩ ለጉባኤ ከመቅረቡ በፊት አስተያየታችሁን ብሰማ ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያ መልስ

እኔ ውበቱን ከሚደግፉት ወገን ነኝ። በቤታንያ ውድ ሽቱ በጌታ እግር ላይ በፈሰሰ ጊዜ፣ «ይህ በ300 ዲናር ተሽጦ ለድሆች ለምን አልተሰጠም» ያለው ይሁዳ እንደ ነበረ ዮሐንስ ጽፏል፤ ጌታም ሴቲቱን አልነቀፋትም። በተጨማሪም ያማረ ቤተ ክርስቲያን ባለጠጋ ብቻ የሚገባበት አዳራሽ አይደለም። በቤቱ አንድም የሚያምር ነገር የሌለው ሰው ያለ ክፍያ ገብቶ፣ የፈለገውን ያህል ተቀምጦ፣ እንደ ራሱ ቤት ሊያየው የሚችለው ታላቅ ሥራ ከዚህ ሌላ ብዙ የለም። በባርሴሎና የሚገኘው ሳግራዳ ፋሚሊያ እ.ኤ.አ. በ1882 ሲጀመር በምእመናን መዋጮ እንዲሠራ የታሰበ ነበር፤ ገንዘብ ሲያጥር ሥራው እየዘገየ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። መዘግየቱን እንደ ውርደት የቆጠረው ብዙ ሰው አይመስለኝም።

ሁለተኛ መልስ

ስለ ሽቱው የተነገረው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሴቲቱ ያፈሰሰችው የራሷን ነው። የሕንፃ ኮሚቴ የሚያወጣው የሌሎችን ገንዘብ ስለሆነ፣ ነገሩ በዚያ ጥቅስ ብቻ አያልቅም። ዮሐንስ አፈወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ላይ በሰጠው ስብከት፣ ክርስቶስ በድሃው አካል ተርቦ ሳለ ገበታውን በወርቅ ጽዋ መሙላት ምን እንደሚጠቅም ጠይቋል። ለቤተ መቅደስ መስጠትን ግን አልከለከለም፤ ከዚያ ጋር፣ እንዲያውም ከዚያ አስቀድሞ፣ ለችግረኛው ይደረግ ነው ያለው። ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ምን እንደሚከተል የሮሙ የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ያሳያል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1506 ተጀምሮ ሕንፃው የተባረከው በ1626 ሲሆን፣ ለግንባታው ገንዘብ ለማሰባሰብ የኃጢአት ሥርየት ደብዳቤ ይሸጥ ነበር። ማርቲን ሉተር በ1517 ባወጣው ጽሑፍ፣ ጳጳሱ እጅግ ባለጠጋ ሆነው ሳለ ስለምን በድሃ ምእመናን ገንዘብ ይሠራሉ ሲል የሕዝቡን ጥያቄ አስተጋብቷል። ሕንፃው ዛሬም ያማረ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ተከፍላለች።

ሦስተኛ መልስ

ሁለታችሁም ስለ መስጠት ተናገራችሁ፤ ስለ ብድር ማንም አላነሣም። በሒሳብ ሥራ ላይ እንዳለ ሰው እኔን የሚያስፈራኝ እብነ በረዱ ሳይሆን ገና ያልተሰጠን መባ እንደ ገቢ ቆጥሮ ውል መፈረም ነው። በካሊፎርኒያ ከ10,000 በላይ መስታወቶች የተገጠሙለት ክሪስታል ካቴድራል እ.ኤ.አ. በ1980 ተመርቆ ነበር፤ ባለቤት የነበረው ማኅበረ ምእመናን ግን መባው ቀንሶ ዕዳው ስለከበደው በ2010 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፣ ሕንፃውንም ለካቶሊክ ሀገረ ስብከት ሸጠ። ስለዚህ ኮሚቴውን ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ የጉልላቱና የመስታወቱ ዓመታዊ ጥገና በማን ይከፈላል? ሥራው መሐል ላይ ገንዘቡ ቢያልቅ፣ ያለ ጌጡ ለአምልኮ ሊከፈት የሚችል ነውን? ለሁለተኛው መልሱ «አይደለም» ከሆነ ዕቅዱ እንደገና ይነደፍ።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ። በዘጸአት ምዕራፍ 36 ሕዝቡ ለድንኳኑ ያመጣው ከሚያስፈልገው በላይ በመሆኑ ሙሴ ከእንግዲህ እንዳያመጡ ማዘዙን ሳነብ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፦ ለዋናው ሕንፃና ለጌጡ ሁለት የተለያዩ ሒሳቦች ይከፈቱ፤ ጌጡ ወዶ በሰጠ ሰው ገንዘብ ብቻ ይሠራ፤ የድሆች መርጃው በጀትም አይነካ።

ሁለተኛው መልስ ሰጪ

በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ለጌጡ የሰጡት ሰዎች ስም በግድግዳው ላይ እንዳይጻፍ አስቀድሞ በጉባኤው ይወሰን። ካልሆነ አነስተኛ መባ የሚሰጠው ምእመን በገዛ ቤተ ክርስቲያኑ እንግዳ ይሆናል።