የሬዲዮ ጥገና ሥልጠናዬ ለማዕረግ ዕድገት «አይቆጠርም» ተባለ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ሞገድ

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የፖሊስ ተቋም የሬዲዮ መገናኛ ጥገና ላይ የምሠራ ዋና ሳጅን ነኝ። ጉዳዩ ገና ስላላለቀ የተቋሙን ስም አልጠቅስም። በዚህ ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ።

በቅርቡ ለረዳት ኢንስፔክተርነት የዕድገት ውድድር ወጣና ተመዘገብኩ። ሁለት ማስረጃ አቀረብኩ። አንዱ በ2007 ዓ.ም. ተቋሙ ራሱ መድቦኝ ለሦስት ወር የወሰድኩት የሬዲዮ ጥገና ሥልጠና ነው። ሌላው በማታ ተምሬ በ2011 ዓ.ም. ከግል ኮሌጅ የጨረስኩት የኤሌክትሮኒክስ ደረጃ 4 ነው። ውጤቱ ሲለጠፍ ከስሜ ትይዩ «የሥልጠና መስፈርት አላሟላም» የሚል ብቻ ተጽፎ አገኘሁ። ሄጄ ስጠይቅ በቃል የነገሩኝ፣ የሦስት ወሩ ወረቀት «የተሳትፎ ምስክር ወረቀት» ስለሆነ ነጥብ እንደማያሰጥ፣ ደረጃ 4ቱ ደግሞ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና ማረጋገጫ) እንደሌለው ነው። ውድድሩን ያለፈው ባልደረባዬ የማኔጅመንት ዲግሪ አለው። ጥሩ ሰው ነው፣ በእሱ ቅር የሚለኝ ነገር የለም። ግን ሬዲዮ ሲዘጋ በሌሊት የሚቀሰቅሱት እኔን ነው።

ባለፈው ክረምት ተራራ ላይ ያለው ሪፒተር (የሬዲዮ መልእክት ተቀብሎ ርቆ እንዲሰማ መልሶ የሚያሰራጨው መሣሪያ) ዝም አለ። ሁለት ሰዓት በእግር ወጥተን ደረስን። መለኪያውን ባገናኘው ወደ አንቴናው መሄድ ያለበት ኃይል ተመልሶ ይመጣል። ወዲያው አጠፋሁት፤ እንደዚያ እየሠራ ቢቆይ የማሰራጫው ትራንዚስተር ይቃጠል ነበር። የአንቴናውን ገመድ ማያያዣ ብፈታው ውኃ ጠብ አለ፣ ውስጡ ያለው መዳብ አረንጓዴ ሆኗል። ገመዱን ደረቁ እስኪገኝ ቆርጬ አዲስ ማያያዣ በየድኩ፣ በጎማ ቴፕ ጠቀለልኩት። ከጣቢያ «ይሰማል» ሲሉኝ መሽቶ ነበር። ይህን ያስተማረኝ «የተሳትፎ» የተባለው ያ የሦስት ወር ሥልጠና ነው።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ የት ነው አቤት የምለው? ሲኦሲ አሁን ብወስድ ላለፈው ውድድር ይጠቅመኛል? ለቅሬታ የቀረኝ አራት የሥራ ቀን ነው።

መልስ፦ ዶሴ

ወንድሜ፣ እኔ በፖሊስ የሰው ሀብት ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ በዕድገት ኮሚቴ ጸሐፊነትም ተቀምጫለሁ። የሚያምህን ልንገርህ፤ ኮሚቴው ፊት የተራራው ሪፒተር የለም። ያለው የግል ማህደርህ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ መዝገብ ቤት ሂድና ማህደርህን አስከፍተህ እይ። ሁለቱም ማስረጃዎች ገብተዋል ወይ? በማህደሩ ላይ የገጽ ቁጥር አላቸው ወይ? ስንት ሰው ወረቀቱ በአለቃው መሳቢያ ቀርቶ «አላሟላም» ሲባል አይቻለሁ።

«የተሳትፎ» የሚለውን ቃል በተመለከተ፣ ኮሚቴው በክፋት አይደለም የሚጥለው። የሁለት ቀን ስብሰባ የተቀመጠም፣ ሦስት ወር ብየዳ ላይ የከረመም አንድ ዓይነት ወረቀት ይዞ ይመጣል። ወረቀቱ ላይ ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ ምን እንደተማርክ፣ ተፈትነህ እንደሆነ የለም። መድኃኒቱ የላከህን ክፍል ደብዳቤ ማጻፍ ነው፦ ሥልጠናው ከመቼ እስከ መቼ እንደነበር፣ የሰዓቱ ብዛት፣ የትምህርቱ ዝርዝር፣ የፈተና ውጤት። የውጤት ሰነዱ በሥልጠና ክፍሉ መዝገብ ውስጥ ይኖራል። የያኔውን የምደባ ደብዳቤም አያይዝ፤ ተቋሙ ራሱ ለሥራው ብሎ እንደላከህ የሚያሳየው እሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ መልስልኝ። የውድድሩ ማስታወቂያ ቃል በቃል ምን ይላል? ሲኦሲ የሚል አለበት?

ሞገድ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማስታወቂያውን በስልኬ አንስቼው ነበር። «ከሥራው ጋር አግባብነት ያለው ሥልጠና የወሰደ/ች እና ማስረጃ ማቅረብ የሚችል/የምትችል» ይላል። ሲኦሲ የሚል ቃል የለበትም። ዲግሪም አይልም።

መልስ፦ ጥቁር ካባ

ጠበቃ ነኝ። ጉዳይህ ያለው አሁን በጻፍከው መስመር ላይ ነው። በማስታወቂያው ያልተጠየቀ መስፈርት በግምገማው ላይ ተጨምሯል። ሲኦሲ ጥሩ ነገር ነው፣ ተቋሙም መጠየቅ ይችላል፤ ግን አስቀድሞ ተናግሮ ነው። ቅሬታህን በዚህ ላይ አቁመው። «ከእሱ እኔ እሻላለሁ» በሚለው ላይ አታቁመው።

ወዴት እንደምትሄድ ልንገርህ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቀኑን ያቃጥላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የፖሊስ አባላትን ከሽፋኑ አውጥቷል፤ ስለዚህ ወደ ሥራ ክርክር ችሎት አትሂድ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ም የመከላከያና የፌዴራል ፖሊስ አባላትን «የመንግሥት ሠራተኛ» ከሚለው ትርጉም ውጭ አድርጓቸው ነበር፤ የሲቪል ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት የደንብ ልብስ ለባሽን ዕድገት አያይም። የሚገዛህ የተቋምህ የአባላት መተዳደሪያ ደንብና በእሱ ሥር የወጣው የዕድገት መመሪያ ነው። ሁለቱንም ቅጂ በጽሑፍ ጠይቅ። መመሪያ ደንብን ሊቃረን አይችልም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገህ የሥልጠናን ትርጉም ፈልግ።

መጀመሪያ የውስጡን ቅሬታ ጨርስ። በአራቱ ቀን ውስጥ በሁለት ቅጂ ጻፍ፣ አንዱ ላይ መዝገብ ቤት ገቢ ቁጥርና ቀን ያለው ማኅተም ያድርግልህ፣ እሱን ቤትህ አስቀምጥ። ለአለቃ በእጅ የተሰጠ ማመልከቻ እንዳልተሰጠ ነው። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። እንዲህ ብለህ ጀምር፦ «በማስታወቂያው የተጠየቀው ከሥራው ጋር አግባብነት ያለው ሥልጠና ሲሆን፣ የሙያ ብቃት ምዘና ማረጋገጫ በመስፈርትነት አልተገለጸም። ያቀረብኳቸው ሁለት ማስረጃዎች በምን ምክንያት ተቀባይነት እንዳላገኙ፣ የተሰጣቸውም ነጥብ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ፣ ውጤቴም በማስታወቂያው መስፈርት ብቻ እንደገና እንዲታይልኝ አመለክታለሁ።» በቃል የተነገረህን አሁን በጽሑፍ አስወጣ፤ ያለ ጽሑፍ ይግባኝ ሰሚው የሚያየው ነገር የለውም።

የፌዴራል ተቋም ከሆነና መልስ ካጣህ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ሲቋቋም ከሥልጣኑ ውጭ ከተደረጉት ነገሮች አንዱ የጸጥታና የመከላከያ አካላት በአገር ደኅንነት ጉዳይ የሚሰጡት ውሳኔ ነው። የአንድ ቴክኒሻን የሥልጠና ነጥብ የአገር ደኅንነት ጉዳይ አይደለም፤ ይህን ምክንያት አድርገው ከመለሱህ ተከራከር። አቤቱታው ገንዘብ አይጠየቅበትም። ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት መሄድ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 በሩን ይከፍታል፣ ነገር ግን ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቅህ የውስጡን መንገድ ጨርሰህ እንደሆነ ነው።

መልስ፦ የጣት አሻራ

ወንድሜ ሞገድ፣ እኔ በፎረንሲክ የአሻራ ምርመራ ላይ ነኝ፣ ሴት ነኝ፣ የደረሰብህ ደርሶብኛል። ውጭ አገር ስድስት ሳምንት ሠልጥኜ መጣሁ። ለዕድገት ሳቀርበው «አቻ ግምት አምጪ» አሉኝ። የአጭር ጊዜ ሥልጠና ደግሞ እንደ ዲግሪ አቻ ግምት የሚሠራለት ነገር አይደለም። እዚያና እዚህ ስመላለስ ዓመት አለቀ።

ያዳነኝ ሌላ ነገር ነው። ፍርድ ቤት እየተጠራሁ በባለሙያ ምስክርነት እቆማለሁ። ዳኛው ፊት ቆሜ፣ በመስታወት ላይ የተገኘው አሻራና የተከሳሹ አሻራ የት የት ላይ እንደሚገጥሙ መስመር በመስመር አስረዳለሁ፤ ጠበቃው ትምህርቴንና ሥልጠናዬን ይጠይቀኛል፣ መልሼ እቀጥላለሁ። በዚያች ወረቀት ሰው ይፈረድበታል ወይም ነጻ ይወጣል። ለዕድገት ሲሆን ግን ያችው ወረቀት ዋጋ የላትም ተባለ! ይህን ጻፍኩላቸው። ያየኋቸውን መዝገቦች ብዛት በየዓመቱ ዘርዝሬ፣ የክፍል ኃላፊዬ ፈርሞበት አያያዝኩ። በሁለተኛው ዙር ሥልጠናው ተቆጠረልኝ።

አንተም የጥገና መዝገብ ይኖርሃል። የገባው ሬዲዮ፣ ብልሽቱ፣ የተለወጠው ዕቃ፣ የወጣበት ቀን። የተራራውን ሪፒተር ሥራ የሚያሳየውን ገጽ ኮፒ አድርገህ አያይዘው። ጋሼ ዶሴ ኮሚቴው ፊት ያለው ማህደር ብቻ ነው ብለዋል፤ እንግዲያው ተራራውን ማህደር ውስጥ አስገባው። ስለ ባልደረባህ ዲግሪ ግን እኔ ከጠበቃው ትንሽ እለያለሁ። ስሙን ሳታነሣ «አግባብነት» የሚለው ቃል ለሁሉም ተወዳዳሪ በአንድ መለኪያ መለካቱ እንዲገለጽ መጠየቅ መብትህ ነው።

ዶሴ

እህቴ ልክ ነሽ፣ በዚህ መልክ ከሆነ እስማማለሁ። ስም ከተነሣ ግን ኮሚቴው ነገሩን የሁለት ሰው ጠብ አድርጎ ያየዋል፤ አይቼዋለሁ። የሥራ ዝርዝር መግለጫውንም አያይዝ። ለረዳት ኢንስፔክተሩ መደብ የተጻፈው ተግባር ጥገናና ተከላ ከሆነ፣ አግባብነቱን ከዚያ ወረቀት በላይ የሚመሰክር የለም።

መልስ፦ መዛኝ

በቴክኒክና ሙያ አሠልጣኝ ነኝ፣ በኤሌክትሮኒክስ ምዘናም እሠራለሁ። ስለ ሲኦሲው ልመልስልህ። ኮሌጁ የሚመሰክረው ሥልጠናውን መጨረስህን ነው፤ ሥራውን መቻልህን የሚመሰክረው ምዘናው ነው። ያሠለጠነ ራሱ እንዳይመዝን ሆን ተብሎ የተለየ ነው። የአሁኑን ብታልፍ ቀኑ የዛሬ ነውና ያለፈውን ውድድር አይመልስልህም። ለሚቀጥለው ግን ይህን ክርክር ከሥሩ ይነቅለዋል። ስለዚህ ቅሬታውን አስገባና በዚያው ሳምንት ተመዝገብ። አንዱ ሌላውን አይጠብቅም።

ከመመዝገብህ በፊት ኮሌጅህ በ2011 ዓ.ም. በዚያ ሙያ፣ በዚያ ደረጃ፣ በተማርክበት ካምፓስ ዕውቅና እንደነበረው አረጋግጥ። ዕውቅና የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ሙያና ደረጃ ነው፤ ስሙ የገነነ ኮሌጅ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ምናልባት ችግር ቢገኝ እንኳ አትደንግጥ፣ በሥራ ልምድ የመጣ ሰውም ይመዘናል። ያን ጊዜ ከዝቅተኛው ደረጃ እንድትጀምር ሊጠይቁህ ይችላሉ።

ወደፊት ዲግሪ የምታስብ ከሆነ ደግሞ ሲኦሲውን አሁን ያዝ። ከደረጃ 4 ወደ ዲግሪ የሚገባ ሰው ሲጠየቅ የኖረው ማስረጃ ይህ ነው። ያለ ሲኦሲ ገብተው አራት ዓመት ከፍለው፣ ዲግሪው ሲጣራ የወደቀባቸውን አስተምሬያለሁ። እንዳንተ ያለ ሰው በተግባር ፈተናው አይወድቅም። የሚጥላችሁ የጽሑፉ ነው፤ እጅ የለመደውን በቃል ማስቀመጥ ያቅታችኋል። የዲጂታል ሰርኪዩትና የሥራ ላይ ደኅንነት ክፍሉን ከልስ።

መልስ፦ አባት ጦሩ

ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ሰንዳፋ ሠልጥኜ በጋራዥና በመገናኛ ክፍሎች አዛዥ ነበርኩ። ልጄ፣ የተነገረህ ሁሉ ትክክል ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በእኔ ጊዜ አንድ ጎበዝ መካኒክ ማዕረግ እንዲያገኝ ከመኪናው ሥር ወጥቶ ወንበር ላይ መቀመጥ ነበረበት። ወንበር ላይ ያስቀመጥናቸው ሁለት ሰዎች እጃቸው ጠፋ፣ ጋራዡም ባዶ ሆነ። የቴክኒክ ሰው በሙያው እየሠራ የሚያድግበት የራሱ መሰላል ያስፈልገዋል፣ ይህን በአስተያየት ደብዳቤ ስንቴ አቀረብኩ። አንተ ግን ለቅሬታህ ይህን አታምጣበት፤ የመዋቅር ጥያቄ ነው፣ ያዳክምብሃል። የክፍልህ ባልደረቦች ተሰብስባችሁ በሌላ ጊዜ አቅርቡት።

ሞገድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ መዝገብ ቤት ሄጄ ነበር። የ2007ቱ ምስክር ወረቀት ገጽ 34 ላይ አለ። ደረጃ 4ቱ ግን ማህደሬ ውስጥ የለም! አምና አስገባሁ ብዬ የማምነውን የወሰደው የክፍላችን ጸሐፊ ነው፣ ገቢ ቁጥር አልተቀበልኩም ነበር። አሁን በማኅተም አስገብቻለሁ።

የሥልጠና ክፍሉ የውጤት መዝገቡን አገኘልኝ፦ 360 ሰዓት፣ የተግባር ፈተና 87። ደብዳቤውን ነገ ይፈርሙልኛል። የቅሬታ ማመልከቻውን ጠበቃው በጻፉት አጀማመር አዘጋጅቻለሁ፣ የጥገና መዝገቡን ሦስት ገጽ ኮፒ አያይዣለሁ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ውድድሩ ሲዘጋ ደረጃ 4ቱ ማህደሬ ውስጥ ካልነበረ፣ በቅሬታው ላይ ላንሣው ወይስ ልተወው?

ጥቁር ካባ

አንሣው፣ ግን እውነቱን ጻፍ። ለውድድሩ በእጅህ አቅርበኸው ነበር፤ «ሲኦሲ የለውም» ብለው በቃል የመለሱልህም ስላዩት ነው። በማህደር አለመኖሩን አትደብቅ፣ «ለውድድሩ ያቀረብኩት ማስረጃ ከማህደሬ ጋር ያልተያያዘ በመሆኑ በዚህ ቀን በዚህ ቁጥር አያይዣለሁ» በል። ዋናው ክርክርህ ግን የ2007ቱ ላይ ይሁን፤ እሱ ገጽ 34 ላይ በጊዜው ነበረ።

ሞገድ

እሺ። ደብዳቤው ጠዋት ከተፈረመ ከስድስት ሰዓት በፊት መዝገብ ቤት አደርሰዋለሁ። የምዘና ምዝገባውንም ከዚያው አልፌ እጠይቃለሁ።