ጉንጭ ላይ የወጣ ቡናማ ነጥብ፦ ጠቃጠቆ ነው ወይስ ማድያት?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሁለቱም ጉንጮቼ ላይና ከላይኛው ከንፈሬ በላይ ቡናማ ነገር ወጥቷል። በበጋ ይጠቁራል፣ ክረምት ሲገባ ፈዘዝ ይላል። 31 ዓመቴ ነው፣ ጠይም ነኝ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል እወስዳለሁ። አንዱ ሎሚ ቀቢ ይላል፤ ሌላው ደግሞ ሱቅ ያለው «የጠቃጠቆ ክሬም» በሦስት ሳምንት ድራሹን ያጠፋዋል ይለኛል። ከምን ልጀምር?

መልስ 1፦ እህቴ፣ እንደ ገለጽሽው ከሆነ ማድያት ይመስላል። ጠቃጠቆ በልጅነት የሚጀምር፣ አብዛኛውን ጊዜ በጣም ቀይ በሆነ ሰው ላይ የሚታይ፣ በዘር የሚወረስ ነው። ጥቃቅን ነጥቦቹ አንድ በአንድ ተለያይተው ይታያሉ፤ ጉዳትም የለውም። ማድያት ግን ተያይዞ እንደ ካርታ ይሰፋል፣ የግራው ጉንጭ የቀኙን ይመስላል፣ ግንባርና የላይኛውን ከንፈር ይወዳል። የሚያመጡት ፀሐይ፣ ዘርና ሆርሞን ናቸው፤ ስለዚህ እርግዝናና እንክብል ያባብሱታል። በእርግዝና የመጣው ከወሊድ በኋላ በወራት ውስጥ የሚፈዝበት ጊዜ አለ። እንክብሉን በራስሽ አታቋርጪ፤ የጤና ባለሙያ አማክረሽ ሆርሞን ወደሌለው ሉፕ መቀየር ይቻላል።

ሎሚውን ተይው። አሲዱ ቆዳን ያቆጣል፣ ልጣጩ ውስጥ ያለው ዘይት ደግሞ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ የሚያቃጥል ነገር ሁሉ ጥቁር ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል። ሻካራ ስክራብም እንዲሁ።

መልስ 2፦ መጀመሪያ ብርሃኑን መከልከል ነው፤ ያለዚያ ሌላው ሁሉ ውኃ በወንፊት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት (በዓይን የማይታየው የፀሐይ ጨረር) 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደመናም አያስቀረውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ማድያትን የሚያጠቁረው አልትራቫዮሌት ብቻ ሳይሆን በዓይን የሚታየው ብርሃን ጭምር ነው። ተራው ቀለም የሌለው ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ይህንን እምብዛም አያግድም። የሚያግደው አይረን ኦክሳይድ ያለበት፣ የቆዳ ቀለም ያለው ሰንስክሪን ነው። ኤስ ፒ ኤፍ (የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ማሸጊያው ላይ «አይረን ኦክሳይድ» የሚል ፈልጊ። ከቆዳሽ ጋር የሚሄደውን ከመረጥሽ ፊትን አመድ አያስመስልም።

መጠኑ፦ በሌባ ጣትና በመሃል ጣት ላይ ከሥር እስከ ጫፍ ሁለት መስመር፣ ለፊትና ለአንገት። ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር የሚሠራው በዚህ መጠን ከተቀባ ነው፤ ግማሹን ተቀብቶ «አልሠራልኝም» ማለት ፍርድ አይደለም። ከቤት ከመውጣትሽ 15 ደቂቃ በፊት ተቀቢ፣ ውጭ ከዋልሽ በየ2 ሰዓቱ ድገሚ። ቡና ጠጥተሽ አፍሽን ስትጠራርጊ ከከንፈር በላይ ያለው አብሮ ይጠፋል፤ ያንን ቦታ ብቻ ለይተሽ መልሺው። ከንፈር በላይ ያለውን ፀጉር በክር ወይም በዋክስ መንቀልም ቦታውን እያስቆጣ ያጠቁረዋል።

ነጠላ ብቻውን አይበቃም። ወደ መስኮት ዘርግተሽ እዪው፤ ብርሃን ካሳለፈ ፊትሽ ላይም ያሳልፋል። ጃንጥላ ወይም ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ይሻላል።

መልስ 3 (ፋርማሲ)፦ ስለ ክሬሙ። «በሦስት ሳምንት» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ውሸት አይደለም፤ ችግሩም እሱ ነው። እንዲህ ያሉ ክሬሞች ውስጥ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ ይገኛል፤ ጥቁረቱን ቶሎ ያፈዝዛል። ከዚያ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀይ የደም ሥሮች ይወጣሉ፣ ብጉርና ፀጉር ይከተላሉ። ሲቆም ደግሞ ፊት ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ማድያቱም ብሶ ይመለሳል። ሜርኩሪ ያለባቸውም አሉ፤ ኩላሊትና ነርቭ ይጎዳሉ። ማሸጊያው ላይ «ካሎሜል» (የሜርኩሪ ውሁድ ነው) ካየሽ ወይም ጭራሽ የይዘት ዝርዝር ከሌለው አትግዢ።

የሚጀመረው አዜላይክ አሲድ 20 በመቶ ክሬም ወይም 15 በመቶ ጄል ነው፤ ጠዋትና ማታ በስሱ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይነዝራል፤ ከበረታ በቀን አንዴ አድርጊው። ለውጡ የሚታየው ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ነው። በእርግዝናም ይፈቀዳል።

ሃይድሮኪኖን (ጥቁረት የሚያፈዝዝ ክሬም) 4 በመቶ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ፦ ማታ፣ ነጥቡ ላይ ብቻ፣ 3 ወር አካባቢ፣ ከዚያ እረፍት። ለዓመታት የቀባው ሰው ላይ ኦክሮኖሲስ የሚባል ሰማያዊ ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል፤ ያንን ማስለቀቅ ከማድያቱ ይብሳል። ክሬሙ ቱቦው ውስጥ ቡናማ ከሆነ ተበላሽቷል፣ ጣዪው። ከብጉር መድኃኒቱ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር ባንድ ላይ አትቀቢው፣ ቆዳን ለጊዜው ቀለም ያስይዛል። ሐኪሙ ትሬቲኖይን (የቫይታሚን ኤ ዓይነት ክሬም) ከጨመረልሽ የአንድ አተር ፍሬ ያህል ለፊት በሙሉ፣ ፊት በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ መጀመሪያ በየሦስት ሌሊቱ። እርግዝና ካሰብሽ ግን ሃይድሮኪኖንም ትሬቲኖይንም አይነኩም።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ! ሌዘርስ? አንድ ቦታ በአንድ ቀን ያልቃል ብለውኛል።

መልስ 3 (ፋርማሲ)፦ ለማድያት የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። ሙቀቱ ራሱ ያነሳሳዋል፣ ጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ከነበረው የባሰ ጥቁረት ሊተው ይችላል። አዲሱን ክሬም መጀመሪያ ከጆሮሽ ጀርባ 3 ቀን ሞክሪው፤ በወር አንዴ በዚያው መስኮት፣ በዚያው ሰዓት ፎቶ አንሺ፣ በመስታወት ለውጡ አይታይም። አንዱ ነጥብ ብቻውን ካደገ፣ ቀለሙ ከተዘበራረቀ ወይም ከደማ ግን ክሬሙን ትተሽ ቀጥታ ወደ ቆዳ ሐኪም።