ካርድ ሳያወጡ ፓርላማ በር የደረሱት

የናይሮቢዋ፦
ሰላም ቤቶች። ዛሬ በዚህ እንከራከር። ወጣት የምርጫ ቀን ቤቱ ከዋለ ፖለቲካን ትቷል ማለት ነው? ወይስ መንገድ ቀይሯል?

ነገሩን ያነሳሁት ካለሁበት አገር ተነስቼ ነው። ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 ከተመዘገበው መራጭ 86 በመቶ ገደማው ወጥቶ ነበር። በ2022 ወደ 65 በመቶ ወረደ። የተመዝጋቢ ወጣቶች ቁጥርም ከ2017ቱ አነሰ። ትልልቆቹ "ይሄ ትውልድ ስልኩ ላይ ተጥዶ ቀረ" ብለው ደመደሙ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ የ2024ቱ የግብር ረቂቅ መጣ። ዳቦ ላይ 16 በመቶ ቫት፣ መኪና ላይ በየዓመቱ 2.5 በመቶ። እነዚያው ልጆች ረቂቁን በቲክቶክ በየአካባቢው ቋንቋ አስረዱት። የምክር ቤት አባላቱን ስልክ ቁጥር በተኑት፤ ሰዎቹ መልእክት መቀበል እስኪያቅታቸው ድረስ። ለቆሰለ ማሳከሚያ በኤምፔሳ አዋጡ። መሪ የለንም፣ ብሔር የለንም፣ ፓርቲ የለንም አሉ። ዳቦውና መኪናው ገና በመጀመሪያው ሰልፍ ቀን ተሰረዘ። እነሱ ግን ሙሉው ይውደቅ አሉ። ጁን 25 ፓርላማው 195 ለ106 አጸደቀው፤ ልጆቹ ግቢውን ጥሰው ገቡ። በማግስቱ ፕሬዚዳንት ሩቶ አልፈርምም አሉ። ሁለት ሳምንት ቆይተው ካቢኔውን ከሞላ ጎደል በተኑት።

በነጻ አልመጣም። የአገሪቱ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ከ50 በላይ ሰው መሞቱን ተናግሯል።

እኔ ዜጋ አይደለሁም። አልመርጥም፣ ሰልፍም አልወጣም። ዳቦውን ግን እገዛለሁ።

ጋሼ፦
ልጄ፣ በጀግንነታቸው አልከራከርሽም። ነፍስ ይማር። ግን አንድ ሂሳብ ልስራልሽ።

በ2022 የተመዘገበው 22 ሚሊዮን ነበር። የመረጠው 14 ሚሊዮን አካባቢ። ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋው ቤቱ ቀረ። ሩቶ ተፎካካሪያቸውን ኦዲንጋን የበለጡት በስንት ነው? በ233 ሺህ! ከቀሩት ከሠላሳ አንዱ ብቻ ወጥቶ ለኦዲንጋ ቢሰጥ ቀዳሚው ሌላ ሰው ነበር። እነዚያን 195 ሰዎችስ ማን አስገባቸው? የወጣው አስገባ፣ ያልወጣው ዝም አለ።

ደግሞ የታሪኩን ጭራ አስቀረሽው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ከወደቀው ረቂቅ ጥቂት የማይባሉት ግብሮች በሌላ ሕግ ተመለሱ፤ ተፈረሙም። ሰልፈኛ ይደክመዋል፣ ሥራ አለው፣ ወደ ቤቱ ይገባል። የምክር ቤት አባሉ ግን አምስት ዓመት ወንበሩ ላይ ነው።

ግንቦት 7 ቀን 1997 እኔ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው የተሰለፍኩት። ድምፄን ስሰጥ ከሰዓት ሆኖ ነበር። ከፊቴ የነበሩት አሮጊት በርጩማ ይዘው ነው የመጡት።

ገና 23፦
ጋሼ፣ በአክብሮት አልስማማም። የ1997ቱን ሰልፍ ያነሳሉ፤ የ2007ቱን ለምን ይዘሉታል?

ከ90 በመቶ በላይ መራጭ ወጣ ተባለ። ኢህአዴግና አጋሮቹ የፓርላማውን ወንበር ጠቅልለው ወሰዱት። አንድ ተቃዋሚ አልገባም። ስድስት ወር ብቻ ቆይቶ፣ ኅዳር 2008፣ ኦሮሚያ ውስጥ ተቃውሞ ተነሳ። ክረምቱ ላይ አማራ ክልል ተከተለ። በ2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለቀቁ። እና ያ ሁሉ ኮሮጆ ምን ነበር የነገረን? ሰው ተስማምቷል፣ ሁሉ ሰላም ነው።

እናቴ በዚያ ዓመት የመረጠችው "ካርድ የሌለው ስኳር አያገኝም" የሚል የሰፈር ወሬ ሰምታ ነው። እሷም ከዚያ 90 በመቶ ውስጥ አለች። ተሳትፎ እንበለው?

አስተባባሪ፦
አንድ መልእክት አጥፍቻለሁ። ሰውን ተዉና ሐሳቡን ተከራከሩ። የእንቁላል ዋጋ የጠየቅከው ወንድም ደግሞ፣ ሌላ ቀን።

የሜልቦርኗ፦
እኛ ጋ ግዴታ ነው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1922 ከ60 በመቶ በታች ሰው ሲወጣባት በ1924 ሕግ አወጣች። በ1925 ከ91 በመቶ በላይ ወጣ። ያለ በቂ ምክንያት ከቀራችሁ 20 ዶላር ትቀጣላችሁ። ምርጫው ሁሌም ቅዳሜ ነው፤ በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ቋሊማ በዳቦ እየተጠበሰ ይሸጣል። ደስ ይላል፣ ልጆች ይዘን ነው የምንሄደው።

ግን ልናዘዝ። የመጀመሪያ ጊዜ ስመርጥ አንዱንም እጩ አላውቀውም ነበር። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብዬ ቁጥር ሞልቼ ወጣሁ። ለካ ስም አለው፣ "የአህያ ድምፅ" ይሉታል። ስለዚህ ያ የሚያኮራ ቁጥር ውስጥ አንዷ አህያ እኔ ነኝ።

ቢሆንም ግዴታውን እደግፋለሁ። ሁሉም እንደሚወጣ ስለሚታወቅ ፖለቲከኛው የኛን ሰፈር መዝለል አይችልም። ለምርጫ ሲሉ እንጀራ የበሉ እጩዎች አይቻለሁ። በሹካ!

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
የገና 23ን ሐሳብ ግማሹን እወስዳለሁ። ግማሹን ግን ከራሴ ልምድ ላርመው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት የሚናገረው ኤች አር 128 የተባለው የውሳኔ ሐሳብ በአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት አልፏል። ሰዉ ለወራት ሲደውል፣ ሲጽፍ፣ በየቢሮው ደጅ ሲጠና ነበር። እኔም ደዋይ ነበርኩ፤ ያኔ ግን ዜግነት አልነበረኝም። ስልኩን የምታነሳው ልጅ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስሜን አይደለም። ዚፕ ኮዴን፣ የሰፈሬን የፖስታ ቁጥር ነው። የዚህ ወረዳ ሰው ነህ ወይ ማለቷ ነው። መራጭ ዘመዴ ሲደውል ቀጠሮ ሰጡት። እኔን አመስግነው ዘጉት።

ስለዚህ ስልኩም፣ ፊርማውም፣ ሰልፉም ጉልበት የሚያገኘው ሰውየው ነገ ኮሮጆ ላይ ሊቀጣኝ ይችላል ብሎ ሲፈራ ነው። ያ ፍርሃት ከሌለ ጩኸት ነው። 2007 ላይ የጠፋው መራጩ አይደለም፤ ፍርሃቱ ነው።

ገና 23፦
እኮ! ታዲያ የሚፈራ ከሌለ ልጁ ለምን ይሰለፋል? አደባባይ የሚወጣው እኮ ኮሮጆውን ንቆ ሳይሆን ኮሮጆው ስለናቀው ነው።

የናይሮቢዋ፦
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የዚፕ ኮዷ ነገር ገብታኛለች። ግን ለኬንያ ልጆች ልከራከርላቸው። ተመዝገቡ ማለት ቀላል ነው። የምርጫ ኮሚሽኑ ከ2023 መጀመሪያ እስከ ጁላይ 2025 ድረስ ኮሚሽነር አልነበረውም። የሞተ የምክር ቤት አባልን ለመተካት እንኳ ምርጫ ማካሄድ አልተቻለም። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ በሩን ዘግቶ ሰውን "ለምን አልገባህም" ይባላል?

የኛ ሰፈር አትክልት ሻጭ ልጅ ጁን 25 ከተማ ወጥቶ ነበር። ዓይኑ ለሳምንት ቀልቷል። በቀደም ለ2027 ትመዘገባለህ ወይ አልኩት። "ቢሮው የት እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አለኝ። እንደ ቀልድ መስሎኝ ነበር። የምሩን ነው። ፓርላማው የት እንደሆነ ያውቃል፣ የምዝገባ ቢሮውን አያውቅም።

ጋሼ፦
ይሄን ስሰማ አፌን ያዝኩ። ቢሮውን አሳዪው እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ።

2007ን ለምን ዘለሉ ላልከኝ፣ እውነትህን ነው። ያን ዓመት እኔም መርጫለሁ። በአምስት ደቂቃ ጨርሼ ወጣሁ፤ በርጩማ ይዞ የመጣም አላየሁ።

ገና 23፦
ጋሼ፣ እንግዲያው ለሚቀጥለው ከሌሊቱ 10 ሰዓት አብሬዎት ልሰለፍ። በርጩማውን እኔ እይዛለሁ፣ ቡናውን እርስዎ።

ጋሼ፦
ቡናው ችግር የለም። ካርድ አውጥተሃል?

ገና 23፦
...

አስተባባሪ፦
ሃሃሃ። "እየጻፈ ነው" ይላል እኮ፣ አምስት ደቂቃ ሆነው።