ለአሮጌ ፒካፕ ጌጅ መግጠም፦ የባለቤቱ ጉዳይ ነው ወይስ ግዴታ ይሁን?

ፒያሳዋ፦
ትናንት ጠዋት ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ ስወጣ፣ ፒካፔ ፈላች። ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ የናፍጣ ሃይሉክስ ናት። የሚገርመው የሙቀት ጌጁ መርፌ መሃል ላይ ቁጭ ብላለች። ነገሩ የገባኝ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ሲወጣ ነው። ከኋላዬ የነበረው የታክሲ ረዳት ያለኝን እዚህ አልጽፈውም። ማታ ወንድሜ «የሚታመን ጌጅ የሌለው አሮጌ መኪና ቦሎ ሊሰጠው አይገባም» ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ደግሞ ሞተሩም የኔ፣ ኪሳራውም የኔ ባይ ነኝ። እናንተስ? አዲስ ልግጠም ካልኩስ የቱን?

የአራት ኪሎው፦
ኪሳራው ያንቺ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አንቺ ቸርችል ላይ ስትቆሚ እኛም እስከ ለገሃር እንቆማለን። ፍሬን ይመረመራል፣ መብራት ይመረመራል። ጌጅ የሚዘለልበት ምክንያት አይታየኝም። ግዴታ ይሁን።

ጋሼ ቴስታታ፦
እኔ አልስማማም። ሠላሳ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ነኝ። መርማሪ የሚያየው መርፌዋ መንቀሳቀሷን ነው። እውነት መናገሯን በምን ያውቃል? የዚች ልጅ መርፌም እኮ መሃል ነበረች። በብዙ መኪኖች ላይ ሹፌሩ በየዳገቱ እንዳይደነግጥ ተብሎ መርፌዋ ሰፋ ባለ የሙቀት ክልል መሃል ላይ እንድትቆም ተደርጋ ነው የምትሠራው። ሌላም አለ። ሰንሰሩ በደንብ የሚለካው ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። ውሃው ፈስሶ አየር ላይ ከቀረ ጌጁ የወርቅ ቢሆንም ይዋሻል። በዚህ መንገድ ስንት ቴስታታ፣ ማለትም የሞተር የላይኛው ክዳን፣ ተሰንጥቆ አይቻለሁ!

ልጄ፣ ጌጅ ስትመርጪ ከሰንሰሩ ጀምሪ። የኤሌክትሪክ ጌጅ የሚያነበው የሰንሰሩን ሬዚስታንስ ነው፤ ሰንሰሩ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚገታ ማለቴ ነው። ጌጁ ከአንድ ሱቅ፣ ሰንሰሩ ከሌላ ሱቅ ከሆነ የምታነቢው ቁጥር ተረት ነው። ሁለቱን ከአንድ ካርቶን ግዢ። ሰንሰሩ ሞተሩ ላይ የሚጠብቅበትን ጥርስም እይ። የጃፓን ሞተርና የአሜሪካ ሰንሰር ጥርሳቸው ይቀራረባል እንጂ አንድ አይደለም፤ በግድ የገባ ያንጠባጥባል። ጥርሱ ላይ የሚጠቀለለውን ቴፍሎንም አታብዢ። ባለ አንድ ሽቦ ሰንሰር ኔጌቲቩን የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ነው፤ ቴፍሎን ሲበዛ ይቋረጥበታል።

የሶማሌ ተራው፦
ያገለገለ ለመግዛት እኛ ጋ ከመጣሽ መጀመሪያ ስንት ቮልት እንደሆነ ጠይቂ። ከኤንፒአር (የኢሱዙ ጭነት መኪና) የወረደ 24 ነው፣ ያንቺ ሃይሉክስ 12። ሲያምር አይቶ የገዛ ጎረቤት አለኝ፤ ጌጁ ዛሬም መሳቢያ ውስጥ ነው። ዳሽቦርድ ሳትበሺም ለኪ። የተለመደው ክብ 52 ሚሊ ሜትር ነው።

ሜክሲኮ አደባባይ፦
መካኒካል ግዢና ተገላገይ። ሽቦ የለ፣ ፊውዝ የለ።

ጋሼ ቴስታታ፦
ለሙቀት ልክ ነህ፣ ቀጭኑን ቱቦ ስትገጥም ካላጠፍከው። ለዘይት ግፊት ጌጅ ግን ትኩስ ዘይት ጋቢና ድረስ እያመጣህ ነው። ቱቦው የፈነዳ ቀን እግርህ ላይ ነው የሚፈሰው።

የቦሌው፦
እስካሁን መርፌ ላይ ናችሁ? ሙቀት፣ ዘይትና ቮልት ባንድ ላይ የሚያሳይ ዲጂታል አለ። ድምፅ ያለው ይሁን ብቻ። ቸርችል ላይ የሰው ዓይን ታክሲ ላይ እንጂ ጌጅ ላይ የለም።

ጋሼ ቴስታታ፦
ድምፁ ላይ ተስማማን። ግን ስንት ላይ ይጩህ? ብዙ ሰው 100 ይላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ክፍት ድስት ላይ ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ እስከ 115 ገደማ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ 0.9 ባር ግፊት ሲይዝ ነው። ክዳኑ ካረጀ፣ አንቺ 100ን ስትጠብቂ ውሃው አልቋል። 95 ላይ ይጩህ፤ በዳገት ካስቸገረሽ ትንሽ ከፍ ታደርጊዋለሽ። ክዳኑን ግን ዛሬውኑ እይ።

የአራት ኪሎው፦
ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ነግረውን ግዴታ አይሁን ማለትዎ አልገባኝም።

የሶማሌ ተራው፦
እኔ ልመልስ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ያለንን አስታመን መንዳት ግድ ሆኗል። በአንድ መርፌ ቦሎ ከተከለከለ ሰው የሚሠራ ጌጅ አይገጥምም፤ የሚንቀሳቀስ መርፌ ነው የሚገጥመው። እሱማ በሪዮስታትም፣ በእጅ በሚዞር ሬዚስታንስ፣ ይሠራል። (ሐሳብ መስጠቴ አይደለም!)

ጋሼ ቴስታታ፦
እሱ ነው። ግዴታ ካላችሁ ራዲያተሩ በግፊት ይሞከር። በእጅ የምትነፋ ፓምፕ አለች፣ ጥቂት ደቂቃ ነው የምትፈልገው። ግፊቱ ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። እሷ ጉቦ አትበላም።

የአራት ኪሎው፦
ግፊቱ ላይ እጄን ሰጥቻለሁ። ጌጁን ግን አልተውኩም። ጠዋት ደህና የነበረ ቱቦ ከሰዓት ሊፈነዳ ይችላል፤ ያኔ ለሹፌሩ ማን ይነግረዋል?

ፒያሳዋ፦
ክዳኑን አየሁት። ላስቲኩ እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጣጥቋል። አዲስ ገዛሁ፣ ድምፅ ያለው ጌጅም ከነሰንሰሩ አዝዣለሁ። የመኪናዋ የራሷ መርፌም ቦታው ላይ ይቆያል፤ አዲሱን ሰንሰር ለብቻ ነው የምናስገባው። ለወንድሜ የክዳኑን ጉዳይ ነገርኩት። አሁን ደግሞ «ክዳንም ግዴታ ይሁን» እያለ ነው።