ብሉ ቺዝ ከየትኛው ጠንካራ ቢራ ጋር ይሄዳል?

ቅምሻ ወዳድ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ እንግዶች አሉብኝ። ከእራት በኋላ ብሉ ቺዝ (ሰማያዊ ሻጋታ ያለበት ቺዝ) ከቢራ ጋር ላቀርብ አስቤያለሁ። ስቲልተን፣ ሮክፎር እና ለስላሳውን ጎርጎንዞላ ገዝቻለሁ፣ ሦስቱም ከትንንሽ አምራቾች ስለሆኑ ርካሽ አይደሉም፣ እንዲባክኑብኝ አልፈልግም። ችግሩ ቢራው ላይ ነው። ቀለል ካለ ላገር ጋር ስሞክረው ቺዙ ቢራውን ዋጠው፣ አፌ ላይ የቀረው ብረት ብረት የሚል ነገር ብቻ። ወይን ደግሞ አይታሰብም፣ እንግዶቼ አይወዱትም። የትኛውን ቢራ ልግዛ? ቺዙንስ ከፍሪጅ መቼ ላውጣው? ሌላው ጭንቀቴ፣ ከሚመጡት አንዷ ነፍሰ ጡር ናት፣ አንዱ ደግሞ የፔኒሲሊን አለርጂ አለበት። ሻጋታ አብልቼ ጣጣ ውስጥ እንዳልገባ።

አረፋ በአፍ፦
ላገሩን ለሌላ ቀን ተዪው። ብሉ ቺዝ ጨዉም ስቡም ብዙ ነው፣ በዚያ ላይ ሻጋታው ስቡን ሲሰባብረው የሚወጣው ኃይለኛ ሽታ አለ። ይህን ሁሉ የሚችለው ብቅሉ የበዛ፣ ትንሽ ጣፋጭነት የቀረው፣ አልኮሉም ጠንከር ያለ ቢራ ነው። እንግሊዞች ስቲልተንን ከፖርት ወይን ጋር የሚበሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጨውና ጣፋጭ ይፈላለጋሉ። ከቢራ ወገን የፖርትን ቦታ የሚይዘው ባርሊ ዋይን ነው። ስሙ አያስደንግጥሽ፣ ከገብስ ብቅል የተጠመቀ ቢራ ነው፣ አልኮሉ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 በመቶ ይደርሳል። ካራሜልና የደረቀ ፍራፍሬ ይላል። ስቲልተኑን ከሱ ጋር አቅርቢ፣ ሌላ አትፈልጊ።

ሮክፎሩ የበግ ወተት ነው፣ ካሉሽ ሦስቱ በጨውም በኃይልም የሚበልጠው እሱ ነው። ለሱ የቤልጅየም ኳድሩፔል፣ ማለትም ጠንካራና ጠቆር ያለ ቢራ ፈልጊ። ሮሽፎር 10 ካገኘሽ 11.3 በመቶ ነው፣ ሴንት በርናርዱስ አብት 12 ደግሞ 10 በመቶ። ዘቢብና በለስ የመሰለ ጣዕም አላቸው፣ ጋዛቸውም ብዙ ስለሆነ ምላስ ላይ የተለጠፈውን ስብ ጠርጎ ይወስደዋል። ቀጣዩ ጉርሻ እንደገና እንደ መጀመሪያው ይጥምሻል።

ጨው ይብቃ፦
ኳድሩፔሉ ላይ እስማማለሁ። ባርሊ ዋይን ስትገዢ ግን የእንግሊዞቹን ዓይነት ምረጪ። የአሜሪካኖቹ ብዙ ጊዜ ሆፕስ (ቢራን የሚያመርረው አበባ) ይበዛባቸዋል፣ ያ ምሬት ከቺዙ ጨው ጋር ሲገናኝ ያልሽው የብረት ጣዕም ተመልሶ ይመጣል። እኔ ብሆን ለስቲልተኑ ኢምፔሪያል ስታውት፣ ማለትም ጠንካራ ጥቁር ቢራ ነበር የምገዛው። ብቅሉ የተቆላ ስለሆነ ቡናና ጥቁር ቸኮሌት ይላል፣ ስቲልተን ደግሞ ቅቤነት አለው፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ጣፋጭ የበላሽ ነው የሚመስልሽ።

ማታ ማታ፦
ጨው ይብቃ፣ ሁሉም ስታውት እንዲህ አይሆንም ወዳጄ። የደረቀና በጣም የተቆላ ከሆነ እሱም መራራ ነው። ወፍራምና ጣፋጭነት ያለውን ካላገኘች ባትሞክረው ይሻላል። በነገራችን ላይ ጎርጎንዞላውን ሁላችሁም ረሳችሁት! ለስላሳው ጎርጎንዞላ ከሦስቱ ጭምቱ ነው፣ 11 በመቶ የሆነ ቢራ ብታመጪበት ድምፁ አይሰማም። ለሱ ዶፕልቦክ የሚባለው ብቅል የበዛበት የጀርመን ላገር በቂ ነው። ለምሳሌ የፓውላነር ሳልቫቶር 7.9 በመቶ ነው፣ የተጠበሰ ዳቦ ቅርፊት የመሰለ ጣዕም አለው፣ ምሬቱም ትንሽ ነው። ደብል አይፒኤ (ሆፕስ የበዛበት ጠንካራ መራራ ቢራ) ከብሉ ቺዝ ጋር የሚወዱ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፣ አንዳንዴ እኔም እጠጣለሁ፣ ግን ላልለመደ እንግዳ አላቀርበውም።

ኩሽና ሰው፦
ቢራው ላይ በቂ ተከራክራችኋል፣ እኔ ወደ ሌላው ልሂድ።

ቺዙን ከመቅረቡ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ ከፍሪጅ አውጪው። ቀዝቃዛ ቺዝ ጨው ጨው ብቻ ነው የሚለው፣ ስቡ ሲለሰልስ ነው ሌላው ጣዕም የሚወጣው። እስኪቀርብ በመጠቅለያው ይቆይ፣ አለበለዚያ ፊቱ ይደርቃል። ቢራውም በረዶ መሆን የለበትም፣ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ይበቃዋል። ረጅም የቢራ ብርጭቆ ሳይሆን ሆዱ ሰፋ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ተጠቀሚ፣ ሽታውን ይሰበስበዋል። ስትቆርጪ ደግሞ ሁሉም ከመሃሉም ከዳሩም እንዲደርሰው አድርጊ፣ ምክንያቱም ሻጋታው መሃል ላይ ይበዛል፣ ዳሩ ጨዋማ ነው።

የአለርጂው ጉዳይ፦ ቺዙ ውስጥ ያለው ሻጋታ ፔኒሲሊየም ሮክፎርቲ ይባላል። መድኃኒቱ የሚሠራው ከሌላ ዝርያ ነው፣ ስለዚህ የመድኃኒቱ አለርጂ አለበት ማለት ቺዙን መብላት አይችልም ማለት አይደለም። አለርጂው ከባድ ከሆነ ወይም ሻጋታ ራሱ የማይስማማው ከሆነ ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ፣ አንቺ አትወስኚለት።

ነፍሰ ጡሯ ላይ ግን ቀልድ የለም። ቢራው ጭራሽ አይሆንም። ሮክፎር ካልፈላ ጥሬ ወተት ነው የሚሠራው፣ ጎርጎንዞላው ደግሞ ለስላሳና እርጥብ ነው፣ ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ እንዲህ ያለ ቺዝ ላይ ይመቸዋል። እንፋሎት እስኪወጣው ድረስ ካልሞቀ አታቅርቢላት። ስቲልተን ጀርም እንዲሞት ከሞቀ (ፓስቸራይዝድ) ወተት ቢሠራም ምክሩ ከአገር አገር ይለያያል፣ ስለዚህ ለሷ ሌላ ጠንካራ ቺዝ አዘጋጂላትና ገላገል በይ።

ሰባተኛው ብርጭቆ፦
ኩሽና ሰው ያልጠቀሰው አንድ ነገር ልጨምር። ከእንግዶችሽ መካከል ለድብርት ኤምኤኦአይ የሚባለውን የመድኃኒት ዓይነት የሚወስድ ካለ፣ ብሉ ቺዝም ሆነ እንዲህ ያለ ቢራ አይነካም። ሁለቱም ታይራሚን የሚባል ንጥረ ነገር ሊኖራቸው ይችላል፣ ከመድኃኒቱ ጋር ሲገናኝ የደም ግፊትን በድንገት ያንራል። ሰው መድኃኒቱን በአደባባይ አይናገርም፣ ስለዚህ ስትጠሪያቸው ምን እንደምታቀርቢ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ቅምሻ ወዳድ፦
እናንተ ሰዎች ተባረኩ። ሁለት ጥያቄ ብቻ። ለአንድ ሰው ምን ያህል ልቁረጥ፣ ስንት ጠርሙስስ ልግዛ? ደግሞ የስቲልተኑ ልጣጭ ይበላል?

አረፋ በአፍ፦
ከየዓይነቱ ከ25 እስከ 30 ግራም ለአንድ ሰው ይበቃል፣ ከእራት በኋላ ነው ብለሻል። ቢራውን ግን ለእያንዳንዱ ሰው ሙሉ ጠርሙስ አትስጪ። 330 ሚሊ ሊትር ሮሽፎር 10 ውስጥ ያለው አልኮል በዚያው መጠን 5 በመቶ ቢራ ውስጥ ካለው ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። አንዱን ጠርሙስ ለሦስት አካፍዪው፣ ሦስቱንም ዓይነት ለመቅመስ ይበቃቸዋል። የሚነዳ ሰው ካለ እሱን ገና ከበር አስጠንቅቂው። ቅደም ተከተሉ ደግሞ ከጎርጎንዞላ ጀምሪ፣ ከዚያ ስቲልተን፣ ሮክፎሩ መጨረሻ። ከገለበጥሽው ጎርጎንዞላው ውሃ ይሆንባችኋል።

ጨው ይብቃ፦
ልጣጩ ይበላል፣ አይጎዳም፣ ግን ደረቅና አቧራ አቧራ የሚል ስለሆነ እኔ እተወዋለሁ። ሮክፎር ልጣጭ የለውም። አጠገቡ ጨው ያልተጨመረበት ዳቦና ትንሽ ማር ብታደርጊ ጥሩ ነው። ጨዋማ ብስኩት አታምጪ፣ ጨው በጨው ላይ ይሆናል።

ቅምሻ ወዳድ፦
ከተረፈስ?

ኩሽና ሰው፦
እያንዳንዱን ለብቻው በሰም ወረቀት ወይም በፎይል ጠቅልለሽ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ክተቺ። በፕላስቲክ ጥብቅ አድርገሽ አትጠቅልዪው፣ ውሃ ያቋጥራል። ሌላ ቺዝ ካለሽም አራርቂው፣ ሻጋታው ይዛመታል። ሰማያዊና አረንጓዴው የራሱ ነው፣ አያስፈራም። ሮዝ ወይም ጥቁር ፀጉራማ ነገር ካበቀለ፣ ካሟለጨ፣ ወይም እንደ አሞኒያ የሚሰነፍጥ ሽታው ዓይን የሚያስነባ ከሆነ ጣዪው። ፍሪዘር ውስጥ ካስገባሽው ይፈረፈራል፣ ያኔ ለሶስ እንጂ ለቅምሻ አይሆንም።